በረካው ሳይደርስ

ማክሰኞ ነበር፣ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.። ከስድስት ዓመት በኋላ እንቁጣጣሽን ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው የእናቴ ቤት እየዋልኩ ነው። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። እናቴ ሲኒዬን እያቀበለችኝ «ጠቅልለህ የምትገባው መቼ ነው?» አለችኝ፤ በሳምንቱ ውስጥ ለስንተኛ ጊዜ እንደጠየቀችኝ እንጃ።

ሳልመልስላት የጎረቤት ልጅ እየሮጠ ገባ። «ጋሼ፣ አሜሪካ እየነደደች ነው!»

እነርሱ ቤት ዲሽ ነበር። ስደርስ ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ይሆናል፤ የኒውዮርክ መንትያ ሕንጻዎች ይጨሳሉ። ደነገጥኩ። ከዚያ ምስሉ ተቀየረና የአሜሪካ መከላከያ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ፔንታጎን፣ መጣ።

ፔንታጎን በየቀኑ በታክሲዬ የማልፈው፣ ባለቤቴ ከምትሠራበት ሆቴል መስኮት ወለል ብሎ የሚታይ ግንብ ነው። ማክሰኞ ደግሞ የጠዋት ተረኛ ናት።

ደወልኩ። መስመሩ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፣ ተይዟል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሥዕሉ ፊት ቆመች። ከውጭ አደይ አበባ የያዙ ልጃገረዶች ከበሮ እየመቱ ይዘፍናሉ፤ ምንም የማያውቁትን ልጆች ወጥቼ ጮህኩባቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፔንታጎን ባለበት አርሊንግተን ስኖር ስልክ በሌሊት ከጮኸ ልቤ ቀጥ ይል ነበር። በተለይ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጊዜ፣ ታናሽ ወንድሜ ግንባር ሳለ፣ ስልኩን አጠገቤ አድርጌ ነበር የምተኛው። መርዶ ከአዲስ አበባ እንጂ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የባለቤቴን ድምፅ ሰማሁ። ከሰላምታ በፊት «አለሁ» አለችኝ። መስኮቱ ሲርገፈገፍ የመሬት መንቀጥቀጥ መስሏት ነበር፤ መንገዱ ስለተዘጋ ቤት የደረሰችው በእግሯ ነው። በፔንታጎንና በመታው አውሮፕላን ውስጥ የነበሩ 184 ሰዎች ግን ቤታቸው አልገቡም። አውሮፕላኑ የተነሣው ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ከደለስ አየር ማረፊያ ነው፤ እኔም ከሁለት ሳምንት በፊት የተነሣሁት ከዚያው ነበር።

እናቴ ስልኩን ተቀብላኝ ከባለቤቴ ጋር ተላቀሱ። ስትዘጋው ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና «በል ቲኬትህን አስተካክል፤ ቤትህ ግባ» አለችኝ።

የአሜሪካ ሰማይ ግን ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘግቶ ነበር። ከሰሉ ላይ ቀዝቅዞ የቀረውን ጀበና መልሳ ጣደችው። በረካውን የጠጣነው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።