ያገለገለ ሚያታ ለባለቤታችሁ ስጦታ
አሜሪካ ላላችሁ፣ በትንሽ በጀት ጣሪያው የሚታጠፍ መኪና ከተፈለገ ከ1999 እስከ 2005 የተሠራውን ማዝዳ ሚያታ እዩ። የኋላ መስኮቱ መስታወት ነው፤ የቀደመው ሞዴል ግን ፕላስቲክ ስለሆነ ይደበዝዛል፣ ይሰነጠቃል።

ዋናው ጠላት ዝገት ነው። ጣሪያው ላይ የወረደ ዝናብ ከወንበሮቹ ጀርባ ግራና ቀኝ ባሉ ቱቦዎች ይወጣል። ቅጠልና አፈር ሲደፍናቸው ውሃው ከበሩ ሥር ባለው ብረት ውስጥ ተኝቶ ከውስጥ ይበላዋል፤ ከላይ ቀለሙ ያብረቀርቃል! አንድ ብርጭቆ ውሃ ቱቦው አፍ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ከኋላ ጎማው ፊት፣ ከመኪናው ሥር ካልፈሰሰ ተጠራጠሩ። ምንጣፉንም ዳብሱ።

ታይሚንግ ቤልቱ (ሞተሩ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች አስተባብሮ የሚያሽከረክረው ቀበቶ) በ60,000 ማይል ይቀየራል። ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥራችሁ ዋጋ አስቀንሱ፤ ሲቀየር የውሃ ፓምፑም አብሮ ይቀየር። ማርሽ አልገባ ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዘይት የሚያፈሰው ትንሹ የፍሪሲዮን ሲሊንደር ነው፤ አያስደነግጥም።

ባለቤታችሁ ማንዋል የማይነዱ ከሆነ አውቶማቲክም አለ፣ ደስታው ቢቀንስም። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ የባንክ ዕዳ ካለ እስኪነሳ ገንዘብ አትስጡ።