የጎመኑን ችግኝ ማን ቆረጠው?

ሰኔ ሲገባ ስልኬ እረፍት የለውም። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በወረዳ የከተማ ግብርና ባለሙያነት ነው። መሬቱ ሲርስ ሁሉም ሰው ጓሮው ትዝ ይለዋል። የሌማት ትሩፋት በ2015 ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ጠያቂው በዝቷል።

አንድ ቀን ኮተቤ አካባቢ የሚኖሩ እናት ደወሉ። ተናደዋል። “ልጄ፣ ና ይህን ጉድ እይልኝ። የጎረቤቴ ዶሮዎች ጎመኔን ጨረሱት። እሷ ደግሞ ባለሙያ ካላረጋገጠ አልቀበልም አለች።”

ምስክር ሁን ነው ነገሩ።

ስደርስ ሁለቱም ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቁኝ። እንደ ተኳረፉ ያስታውቃል። የመደቡ ዳር ላይ የጎመን ችግኞች ወድቀዋል። ቅጠላቸው አልተነካም። ግንዳቸው ብቻ፣ ልክ ከአፈሩ ጋር እኩል፣ በቢላዋ እንደ ተቆረጠ ሆኖ ተለያይቷል።

“እማማ፣ መቼ ነው ያዩት?”

“ጠዋት ስነሳ ነዋ! ማታ ደህና ነበር። በየቀኑ እንደዚሁ ነው።”

ጎረቤትየዋ ቀበል አድርጋ፣ “ዶሮዎቼ እኮ አመሻሽ ላይ ቆጥ ይገባሉ። ከነጋ በኋላ ነው የምከፍትላቸው” አለች።

ይህ ንግግር ለእኔ ትልቅ መረጃ ነበር። ዶሮ ማታ አትወጣም። ስትጭርም አፈሩን ትበትናለች፣ ቅጠሉን ትነጫለች። እዚህ ግን አፈሩ አልተነካም። ፍልፈል ቢሆን ተክሉን ከነሥሩ ወደ ታች ይጎትተው ነበር። ቀንድ አውጣ ቢሆን ቅጠሉን ይበሳል፤ የሚያብለጨልጭ ልጋግም ትቶ ይሄዳል። እነዚህን አንድ በአንድ ሳላጣራ ፍርድ አልሰጥም። በሁለት ጎረቤታሞች መካከል የምትናገራት አንዲት ቃል ዓመት ሙሉ ልታቀያይም ትችላለች።

አዲስ ከወደቀው ችግኝ አጠገብ ተንበረከክሁ። በጣቴ አፈሩን ቀስ ብዬ ገለጥሁ። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል እንደ ገባሁ ወፍራም ግራጫ ትል ብቅ አለ። ስነካው ክብ ሆኖ ተጠቀለለ። ቆራጭ ትል ነው። ቀን አፈር ውስጥ ይተኛል፣ ማታ ወጥቶ ለጋ ግንድ ይቆርጣል። ቀጣዩ ችግኝ ሥር ሌላ አገኘን፤ እሱም አጠገብ ሌላ።

እናትየው ትሉን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው፣ “በይ ይቅር በይኝ፣ በከንቱ አስቀየምሁሽ” አሉ። እሷም፣ “ኧረ ተዪው እትዬ፣ ምን ችግር አለው” ብላ እጅጌዋን ሰብስባ መቆፈር ጀመረች። የለቀምነውን ትል ለዶሮዎቹ ሰጠናቸው። በሰከንድ ጨረሱት።

የትሉ መነሻ እዚያው መሬቱ ላይ ነበር። ቦታው ለረጅም ጊዜ ሣርና አረም የበቀለበት ነው። ተመንጥሮ ወዲያው ተተከለ። ትሉ ይበላው የነበረው አረም ሲጠፋ ወደ ጎመኑ ዞረ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢቆፈርና አረሙ ቢለቀም፣ ብዙው ትል በረሃብና በወፍ ያልቅ ነበር። አሁን በግንቦት ሥልጠና ላይ ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ይህንን ነው።

የእናትየው ልጅ መርጨት ፈልጎ ነበር። ከገበያ ያመጣው መድኃኒት ምንም ጽሑፍ በሌለው ጠርሙስ ተቀድቷል። ምን እንደሆነ፣ ስንት ቀን ቆይቶ ጎመኑ እንደሚበላ የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለውን ነገር ለቤተሰብ በሚቀርብ ምግብ ላይ በፍጹም እንዳይረጭ አጥብቄ ነገርሁት። ለጓሮ ጎመን መርዝ አያስፈልግም። ባዶ ሃይላንድ ይበቃል። ላስቲኩን ከላይና ከታች ቆርጠን 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀለበት አወጣን። መጀመሪያ በችግኙ ዙሪያ ያለውን አፈር ፈተሽን፤ ትሉ ውስጥ ከቀረ ቀለበቱ ዋጋ የለውም። ከዚያ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ ተከልነው። ማታ ማታ ደግሞ በስልክ መብራት እየዞሩ መልቀም ነው። ግንዱ ሲጠነክር ትሉ ብዙም አይጎዳውም።

እግረ መንገዴን መደቡንም አየሁት። በበጋ ውኃ እንዲይዝ ተብሎ ጎድጉዶ የተሠራ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ ውኃ ይተኛበትና ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረግነው፣ በዳርና ዳር ቦይ አወጣንለት። ስፋቱ 1 ሜትር ከሆነ ከሁለቱም በኩል ሳይረግጡት ማረም ይቻላል። በተቆረጡት ምትክ አዲስ ችግኝ ስንተክል ጎመኑን በ40 ሴንቲ ሜትር አራራቅነው። መጠጋጋቱ እርጥበት ያፍናል። ካሮቱን በዘር እዚያው ይዝሩት አልኋቸው፤ ተነቅሎ ሲተከል ሥሩ ይጣመማል።

ያልተስማማንበት ቲማቲሙ ላይ ብቻ ነው። በደጋ ክረምት፣ ብርዱና እርጥበቱ ሲገናኙ፣ ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ ቅጠሉንም ፍሬውንም አጥቁሮ ያረግፈዋል። ዝናቡ እስኪያቆም ይቆዩ ብዬ ለመንኋቸው። እሳቸው ግን እምቢ አሉ። ከጣሪያው ክዳን ሥር፣ ዝናብ በማያገኘው ጥግ፣ ሁለት እግር ተከሉ። እኔም እንጨት ደግፌ አሰርሁላቸው፤ አፈር የሚነካውን የታችኛውን ቅጠል እየቀነሱ ሥሩን ብቻ እንዲያጠጡም ነገርኋቸው።