ሱቅ ሲመጣ የሚድነው ኮምፒውተር

ጋሼ ሲፒዩውን አቅፈው ሱቄ ሲገቡ ዝናቡ ገና አላባራም። ጅማ ውስጥ በክረምት "አባራ" ማለት ትንሽ ቀነሰ ማለት ነው። ሲፒዩው በፌስታል ተጠቅልሎ ደርቆ መጥቷል፤ እሳቸው ግን በስብሰዋል። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አሁን የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ሆነዋል፤ የአባላቱ ዝርዝርና የወር መዋጮው ሁሉ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

"ልጄ፣ ይኼ ነገር እስኪነሳ አስር ደቂቃ ይፈጃል። አብርቼው ሄጄ አቦሉን ጠጥቼ እመለሳለሁ፤ እሱ ገና ነው።"

ፈገግ አልኩ። ደንበኛ ደቂቃ ሲቆጥር ለሦስት ማካፈል ልማዴ ነው። ሰካሁት፣ አበራሁት፣ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። ሁለት ደቂቃ ከምናምን። ይኸው አልኩ በልቤ፣ አስር ደቂቃ የት አለ? ያረጀ ሃርድ ዲስክ፣ 4 ጊጋ ራም፣ ዊንዶው ሲነሳ አብረው የሚንጫጩ ፕሮግራሞች መዓት። አንቲቫይረስ ራሱ ሁለት ተጭኖበታል፤ ሁለቱም እኔ ልቅደም ይላሉ።

ለዚህ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ፣ ስታርትአፕ የሚለው ውስጥ ገብቶ የማያስፈልጉትን ማጥፋትና ከሁለቱ አንቲቫይረስ አንዱን ማንሳት ይበቃ ነበር። የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ያለውን አጥፍቶ ዊንዶውን እንደ አዲስ መጫን፣ እወዳለሁ። ወደድኩ ስል፣ አያሳስብም ማለቴ ነው። ፍላሹን ትሰካለህ፣ "ቀጥል" "ቀጥል" ትላለህ፣ ቡናህን ትጠጣለህ።

"ጋሼ፣ ዶክመንትዎ የት ነው ያለው?"

"ዲ ላይ ነው የማስቀምጠው።"

ሌላ አልጠየቅኩም። ዊንዶውና ፕሮግራሞቹ ያሉበትን የዲስክ ክፍል፣ ሲን፣ አጠፋሁት፣ ዊንዶው ጫንኩ፣ ኦፊስ ጫንኩ። በ50 ሰከንድ ተነሳ። ጋሼ 400 ብር ከፍለው፣ መርቀውኝ በባጃጅ ሄዱ።

በማግስቱ ደወሉ። "ልጄ፣ እንደ ድሮው ሆነ።"

አምጡት አልኳቸው። በዝናብ አመጡት። ሰካሁት፤ 50 ሰከንድ። ደግሜ አበራሁት፤ ያው። ጋሼ ኮምፒውተሩን፣ ቤት ሲረብሽ ውሎ እንግዳ ፊት ጨዋ የሚሆን ልጅ እንደሚታይ አዩት። ይዘውት ተመለሱ። ማታ ደወሉ፤ ዘጠኝ ደቂቃ። አሁን እየቆጠሩ ነው። እኔ ደግሞ መናደድ ጀምሬያለሁ። "የቤትዎ መብራት ኃይሉ ሳያንስ አይቀርም" አልኳቸው። ከአፌ የወጣው እንዲሁ ነው። ለምን እንዳልኩት ዛሬም አላውቅም። የመብራት ኃይል ሲያንስ ኮምፒውተሩ ሊጠፋ ወይም በርቶ ሊጠፋ ይችላል፤ ዘጠኝ ደቂቃ በሥነ ሥርዓት አይጠብቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ ግማሽ መንገድ ላይ አወረደኝ። ሳሎኑ ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር የለም። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሞኒተሩ። ሲፒዩው ራሱ ዳንቴል አለው።

ጋሼ አበሩት። የአምራቹ ምልክት መጣና ቆመ። በቃ ቆመ። ዊንዶው የለ፣ የሚዞሩት ነጠብጣቦች የሉ።

የመጀመሪያ ቀን አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ይህን ሁሉ መንገድ ባልመጣሁ ነበር፤ የሚቆመው የቱ ላይ ነው? የአምራቹ ምልክት ላይ ከቆመ ዊንዶው ገና ሥራ አልጀመረም፤ ስለዚህ ፎርማት ቢደረግ ቢደረግ ለውጥ አያመጣም። ነጠብጣቦቹ እየዞሩ ከቆየ ዲስኩን ወይም ድራይቨሩን ትጠረጥራለህ። ዴስክቶፑ መጥቶ ማውሱ አልታዘዝ ካለ ደግሞ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች ናቸው። ይህን ለረዳቴ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ድምፅ ሰማሁ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።

"ሰማሃት?" አሉ እትዬ ከጓዳ ብቅ ብለው። "አይጧ ናት። ደፋር ናት፤ እሱ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ ነው የምትመጣው። ወጥመድ ካጠመድኩ ወር አለፈኝ፤ ወይ ፍንክች!"

ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ። ድምፁ የሚመጣው ከመጋረጃው ሥር ነው። ገለጥኩት። አንድ ትንሽ ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ ሥር አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ከዲስኩ ወደ ሲፒዩው ጀርባ የሚሄድ ገመድ። ልጃቸው ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ሥራ ይዛ ስትሄድ የሠርጓን ፎቶና ቪዲዮ አድርጋ ትታላቸው የሄደችው ነው። ጋሼ ሁልጊዜ ሰክተው የሚተዉት እንዳይጠፋ ብለው ነው። ሲፒዩውን ወደ እኔ ሲያመጡ ይነቅሉታል፤ ሲመለሱ ይሰኩታል። ኮምፒውተሩ ሱቅ ሲመጣ የሚድነው ለዚህ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ሲበራ ዊንዶውን ከመጥራቱ በፊት ባዮሱ፣ ቀድሞ የሚነቃው ትንሹ ፕሮግራም፣ የተሰካበትን ሁሉ "አለህ?" እያለ ይጠይቃል። ጤነኛ ዲስክ ወዲያው አለሁ ይላል። ይኼ ግን እየሞተ ነው። የሚያነበው እጁ ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። ጠቅ የሚለው እሱ ነው። ባዮሱም መልስ እየጠበቀ ይቆማል። በዚያ ላይ ዊንዶው መጀመሪያ ከየት እንደሚፈለግ የሚወስነው የመነሻ ተራ በዩኤስቢ ይጀምር ይላል። ከእኔ በፊት በፍላሽ የጫነ ሰው ቀይሮት ሳይመልሰው ሄዷል። እኔም ስጭን ተመችቶኝ እንዳለ ተውኩት።

ኮምፒውተሩን አጠፋሁ፣ ገመዱን ነቀልኩ፣ አበራሁ። 50 ሰከንድ። ተራውንም አስተካከልኩ።

ደስታችን ግን አልቆየም። ጋሼ የእድሩን ዝርዝር ሲከፍቱት የፈረንጅ ፊደል፣ ጭረትና ሠረዝ ተደባልቆ መጣ። አንድም ስም አይነበብም። "ቫይረስ ነው?" አሉኝ።

ቫይረሱ እኔ ነኝ። ጋሼ የሚጽፉት ፈተና ሲያዘጋጁበት በነበረው በድሮው ፓወር ግዕዝ ነው። የእኛ ፊደል፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ኮድ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ከዩኒኮድ በኋላም ብዙ ሰው በለመደው ቀጥሏል። ፎንቱ ካለ አማርኛ ታነባለህ፤ ከሌለ ዝባዝንኬ። ፎንቱና ፕሮግራሙ የነበሩት ሲ ላይ ነው። ሲን ደግሞ ቡናዬን እየጠጣሁ አጥፍቼዋለሁ። ፋይሉ አልጠፋም፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ። ይህን ሳስረዳቸው ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝ። ዝምታቸው ከቁጣ ይከብድ ነበር።

"ነገ የእድር ስብሰባ አለ" አሉ በመጨረሻ። ተነስተው ከቁም ሳጥኑ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አወጡ። "ደግነቱ ይቺን አልጣልኳትም።"

ያንን የድሮ ፕሮግራም ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መርካቶ በኩል የኮምፒውተር ጽሕፈት የምትሠራ ሴት ሲዲውን መሳቢያዋ ውስጥ አቆይታው ነበር። ጫንኩላቸው፤ ስሞቹ ተመለሱ። አሁን በትርፍ ሰዓቴ ዝርዝሩን ወደ ዩኒኮድ እየቀየርኩላቸው ነው፤ በነፃ።

ዲስኩን ይዤው ሄድኩ። እንዲህ ጠቅ ጠቅ የሚል ዲስክ በተከፈተ ቁጥር ዕድሜው ስለሚቀንስ ምን ይቅደም ብዬ ልጃቸውን በስልክ ጠየቅኳት። ፎቶው አለች። ፎቶው ሁሉም ወጣ። ቪዲዮው ግን ኬኩ ሳይቆረስ ቆመ፤ ዲስኩ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

400 ብሩን ልመልስ ስል ጋሼ እንቢ አሉ። እትዬ ተቀበሉኝ።

ከሳምንት በኋላ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ የእነ ጋሼ ቤት ነው። ደነገጥኩ።

"ደግሞ ቆመ እንዴ?"

"ኧረ እሱስ ደህና ነው" አሉ እትዬ። "ወጥመዱ ያዘ ልልህ ነው።"