ኮንሶሉ ዝም ሲል

ከሰዓት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ምክንያቱን አላውቀውም። ሐዋሳ ዘንቦ አባርቷል፣ ሐይቁ ዳር ወርጄ ልምጣ ብዬ ተነሳሁና መልሼ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው የትንሿ እህቴ መልእክት የገባው። ጃቫስክሪፕት በሚባለው የድረ ገጽ ቋንቋ ኮድ ትጽፋለች፣ እንደለመደችው የኮንሶሉን (የኮዱ ስህተት የሚታይበትን መስኮት) ቀይ ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ልካለች። «ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

ታይፕ ኢረር ነው። መጀመሪያ የስህተቱን ስም አንብቢ እላታለሁ ሁሌ፣ ምክንያቱም ግማሹ መልስ እዚያ ነው። ሲንታክስ ኢረር ካለሽ ኮዱ መሥራት እንኳን አልጀመረም፤ አንድ ቅንፍ ሳይዘጋ ቀርቷል፣ እና ከሱ በላይ ያለው ሁሉ ልክ ቢሆንም አንዱም መስመር አይሠራም። ሬፈረንስ ኢረር ካለሽ የጠራሽውን ስም አያውቀውም። ብዙ ጊዜ የፊደል ነገር ነው፣ ጃቫስክሪፕት ትልቁንና ትንሹን ፊደል ለይቶ ነው የሚያየው። ታይፕ ኢረር ግን ሌላ ነው። ስሙ አለ፣ ውስጡ ያለው ነገር ነው የጠየቅሽውን የማይችለው። እሷ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ዕቃ ፈልጋ አንዲፋይንድ፣ ማለትም «ምንም የለም»፣ መጣላት፣ ከዚያ የአንዲፋይንድን ዋጋ ጠየቀች። ከየት ያምጣላት? ስለዚህ ቀዩ የጠቆመውን መስመር ትተሽ፣ ያ ባዶ ነገር ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ ሄደሽ ፈልጊ አልኳት።

ፈልጋ አገኘችው። ጎበዝ ናት። ትንሽ ቆይታ «ሠራ!» ብላ ሌላ ፎቶ ላከች። መናኸሪያ አካባቢ ላለው የአክስታችን ሱቅ የምትሠራው ሒሳብ ማሽን ነው። የአንዱ ዕቃ ዋጋ 120 ብር፣ የሌላው 30። ድምር፦ 12030።

ቀይ የለም። ኮንሶሉ ጸጥ ብሏል።

ምሽቱን ሙሉ ይሄ ነው ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለው። መጻፊያ ሳጥን ውስጥ የገባ ቁጥር ለኮዱ የሚደርሰው እንደ ጽሑፍ ነው፣ የመደመር ምልክት ደግሞ ጽሑፍ ካገኘ ይቀጥላል እንጂ አይደምርም። የመቀነስ ምልክት ግን ራሱ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። ስለዚህ ለገዢ የሚመለሰውን ብር ስታሰላ 200 ሲቀነስ 120፣ 80 ብሎ በትክክል ሰጥቷታል! እንዲህ እያለ ነው ሰው የሚያምነው። ጽሑፉን ወደ ቁጥር በሚቀይረው ነምበር በሚባል ትእዛዝ አሳልፊው አልኳት፣ አለቀ። ግን «120 ብር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ ናን፣ ማለትም «ቁጥር አይደለም»፣ ይወጣል፣ አሁንም ቀይ የለም። ዓይነቱን ብትጠይቂው ደግሞ ናንም ቁጥር ነኝ ይላል።

ብሬንደን አይክ የመጀመሪያውን ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ1995 ኔትስኬፕ ውስጥ በ10 ቀን ነው የሠራው። ስህተት መያዣው ትራይ ካች እንኳን ወደ ቋንቋው መስፈርት የገባው በ1999 ነው። ግን ትራይ ካችም ቢሆን የሚይዘው የጮኸውን ነው። 12030 አይጮህም።

12030ስ ደግነቱ ለዓይን ይገለጣል። 9፣ 10 እና 100ን በዋጋ ደርድር ስትለው እንደ ጽሑፍ አይቶ 10፣ 100፣ 9 ብሎ ሲደረድር፣ ዝርዝሩ ረጅም ከሆነ ማን ያየዋል? ጥር የሚሉት የፈረንጆቹ የመጀመሪያ ወር በዜሮ እንደሚቆጠር የማታውቅ ልጅ የዱቤ መክፈያ ቀን ስትጽፍ አንድ ወር ሙሉ ሲያልፍባት ማን ይነግራታል?

አክስታችን እስክሪብቶዋን ይዛ ካርቶን ላይ ደግማ ሳትደምር ከማንም ብር አትቀበልም፣ ሒሳቡን ማንም ይሥራው ማን። ጃቫስክሪፕት የሚባል ነገር ሰምታም አታውቅ። ትንሿ ቀዩን ማንበብ ለምዳለች፣ ያንን ማስተማር ቀላል ነው፣ ስሙ ተጽፎ ይመጣል። ምንም ሳይጻፍ ሲቀር ቆም ብሎ መጠርጠርን ግን እንዴት ነው የማሳያት? አክስታችንስ ከማን ተማረችው? ወይስ ከኪሳራ በቀር አስተማሪ የለውም?