«ግጭት የሌለው» ተብሎ ስለተሸጠልኝ መኪና ያደረግሁት ክርክር

በ2015 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ግለሰብ ያገለገለ ቶዮታ ቪትዝ ገዛሁ። ሻጩ መኪና የሚነግድ ሰው አልነበረም፤ ቤተሰቡ ሲገለገልበት የቆየውን መኪና በደላላ በኩል ለሽያጭ ያቀረበ ተቀጣሪ ነው። ይህ በክርክሩ ላይ ለውጥ ያመጣል። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የቆመው ከነጋዴ ለሚገዛ ሸማች በመሆኑ፣ ከግለሰብ የገዛ ሰው የሚደገፈው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የሽያጭ ድንጋጌዎች ላይ ነው። ያ ሕግ ሻጩ ነጋዴ ሆነም አልሆነም የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል።

ደላላው በቴሌግራም ያወጣው ማስታወቂያ «ግጭት የሌለው፣ ቀለም ያልነካው፣ 78 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ» ይላል። ለፊርማ ውልና ማስረጃ ከመሄዳችን በፊት ያሳየኝ ረቂቅ ግን ከዚህ አንዱንም አልያዘም፤ «ገዥ መኪናውን አይቼና አስመርምሬ ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ብቻ ነበር የሰፈረበት። ስለዚህ አንደኛ፣ መኪናው ተጋጭቶ አካሉ ያልተቆረጠና ያልተቀጠለ መሆኑን ሻጭ እንደሚያረጋግጥ፣ ሁለተኛ፣ በቆጣሪው ላይ የሚታየው ኪሎ ሜትር ትክክለኛ መሆኑን እንደሚያረጋግጥ የሚገልጹ ዐረፍተ ነገሮች እንዲጨመሩ ጠየቅሁ። ሻጩ የመጀመሪያውን ሳያንገራግር ተቀበለ። በሁለተኛው ላይ ግን «ቆጣሪውን በምን አውቄ እፈርምልሃለሁ? እኔም ከሰው ነው የገዛሁት» ብሎ እምቢ አለ። በቃል በልበ ሙሉነት የሚነገር ነገር ወደ ወረቀት ሲቀርብ እንዲህ ሲሸሽ ማየት በራሱ መረጃ ነው፤ ዋጋውንም ጥቂት ያስቀነስኩት በዚያው ቅጽበት ነበር።

ደላላው የሽያጩ ዋጋ ዝቅ ተደርጎ እንዲጻፍም አጥብቆ ሲወተውት ነበር። ክፍያና ግብር ለመቀነስ ተብሎ የሚደረግ፣ ሁሉም እንደ ቀላል የሚያየው ልማድ ነው። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2005 እና 2006 መሠረት የጽሑፍ ውል በፈራሚዎቹ መካከል የሚጸና ማስረጃ ስለሆነና ቃሉን በምስክር ማስተባበል ስለማይቻል፣ ዋጋውን አሳንሶ ያስጻፈ ገዥ ውሉ በፈረሰ ጊዜ «የከፈልኩት ከዚህ በላይ ነበር» ለማለት እጅግ ይቸገራል። ሙሉ ዋጋው እንዲጻፍ አደረግሁ፤ ገንዘቡንም በባንክ አስተላለፍኩ።

ጉድለቱን ያጋለጠው ዝናቡ ነው። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ሥር ውኃ ሲያቁር አይቼ መኪናውን ጋራዥ አስገባሁት። መካኒኩ ምንጣፉን ገልጦ፣ ተቀያሪ ጎማውን አውጥቶ፣ የላሜራውን ጠርዝ በካቻቢቴ ጫፍ ሲፈቀፍቀው እንደ ጣት የወፈረ ስቱኮ እየተሰነጠቀ ወደቀ። ከሥሩ ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ፣ ወጣ ገባ ያለ የብየዳ መስመር ታየ። «ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ኋላው ከሌላ መኪና ተቆርጦ የተቀጠለ ነው፤ ዛሬውኑ አጽድቼ ልዝጋልህ» አለኝ። እንዳይነካው ለመንኩት። ጉድለቱ ከተጠገነ ማስረጃውም አብሮ ይጠገናልና፣ የብየዳውን መስመር፣ የሻንሲ ቁጥሩንና ሰሌዳውን ሳላቋርጥ በአንድ ቪዲዮ ቀረጽኩ። የመካኒክ ቃል ብቻውን ስለማይበቃም ፈቃድ ካለው የተሽከርካሪ ምርመራ ድርጅት ማኅተም ያለበት ሪፖርት አወጣሁ።

ወዳጆቼ «በሽምግልና ይለቅ» አሉኝ። ሽምግልናን አልጠላም፤ ነገር ግን ሕጉ ገዥው ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ፣ ካስታወቀም በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ክሱን እንዲያቀርብ ስለሚጠይቅ፣ ሽማግሌ እየተመላለሰ ጊዜው ማለፍ የለበትም። ስለዚህ መጀመሪያ የጉድለቱን ዓይነት የሚዘረዝርና ሻጩ የራሱን ባለሙያ ይዞ መኪናውን እንዲያይ የሚጋብዝ ደብዳቤ በአደራ ፖስታ ላክሁ፤ ፎቶውንም በቴሌግራም አደረስኩ። ሽማግሌዎቹ የተነሡት ከዚያ በኋላ ነው። ፖሊስ ጣቢያም ሄጄ ነበር፤ በወንጀል ሕጉ የተመለከተው አታላይነት ሻጩ እያወቀ ማታለሉን ማስረዳት ስለሚጠይቅና ይህን የሚያሳይ ማስረጃ ስላልነበረኝ፣ ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር መሆኑ ተነግሮኝ ተመለስኩ።

ሻጩ ባለሙያውን ይዞ መጣ። ሰውየው አውራ ጣቱን በብየዳው ላይ እየሳበ ዝም አለ፤ ከዚያም ወደ ሻጩ ዞሮ «ጋሼ፣ ይኼ የፋብሪካ አይደለም» አለው። ሽምግልናው ግን በዋጋ ላይ ተሰናከለና በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክስ መሠረትኩ።

ሻጩ በመከላከያ መልሱ ሦስት ነገር አነሣ። መኪናው በየዓመቱ ቦሎ ያለ ችግር ሲወስድ እንደኖረ፣ እኔ «አይቼና አስመርምሬ» ብዬ እንደፈረምኩ፣ እርሱም መቀጠሉን ጨርሶ እንደማያውቅ ገለጸ። የመጨረሻውን እኔም አምነዋለሁ። ሆኖም የጉድለት ዋስትና ከሻጩ ማወቅ አለማወቅ ጋር የተያያዘ አይደለም፤ የዓመታዊ ምርመራውም ትኩረት ፍሬን፣ መብራትና ጭስ እንጂ የላሜራው ታሪክ አይደለም። በስቱኮና በምንጣፍ የተሸፈነ ብየዳ ደግሞ በዓይን በማየት የሚታወቅ አይደለም፤ ከሁሉ በላይ ራሱ ያረጋገጠው ዐረፍተ ነገር እዚያው ውሉ ላይ፣ ከፊርማው በላይ ተጽፏል። የኪሎ ሜትሩ ጉዳይ ግን አልሠመረልኝም። ማስታወቂያውን ያወጣው ደላላው ነው፣ ሻጩም በውሉ ላይ አላረጋገጠውም፤ በስልኬ የነበረው የማስታወቂያው ቅጂ ብቻውን ሩቅ አላስኬደኝም።

በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤቱ አስማሚ ተመራ። እዚያ የከበደው ጥያቄ ምን ልጠይቅ የሚለው ነበር። ውሉ ይፍረስ ብል የምቀበለው በ2015 ዓ.ም. የከፈልኩትን ብር ነው። በ2016 ዓ.ም. ግን በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሎ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይም የምንዛሬ ሥርዓቱ ተለውጦ ብሩ ስለወረደ፣ በዚያ ገንዘብ ያንኑ መኪና ከነብየዳው እንኳ መልሶ መግዛት አይቻልም ነበር። ስለዚህ መኪናውን ይዤ፣ ባልተቆረጠና በተቀጠለ ቪትዝ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እንዲከፈለኝ ጠየቅሁ። ለሻጩም ቢሆን መኪናውን መልሶ ሙሉውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከማውጣት ይህ ይቀለው ነበርና ተስማማን። ክፍያው በሁለት ጊዜ እንዲሆን፣ ስምምነቱም በፍርድ ቤት ተመዝግቦ እንደ ፍርድ እንዲፈጸም አደረግን።

የመጀመሪያው ክፍያ በቀኑ ገባ። ሁለተኛው ሲዘገይ ሌላ ክስ ማቅረብ ሳያስፈልገኝ የአፈጻጸም ማመልከቻ አስገባሁ፤ ሻጩ መጥሪያው እንደደረሰው ቀሪውን ገንዘብ ወደ ሒሳቤ አስገብቶ የባንኩን ደረሰኝ በቴሌግራም ላከልኝ፣ መዝገቡም ተዘጋ።