ከ1919 እስከ 1939 ያለውን የአሜሪካ ታሪክ በጥጥ ዋጋ እንዴት እንዳጠናሁት

ቀን እሰራለሁ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ፣ ስለዚህ ለንባብ ያለችኝ ጊዜ ከባስና ከምሳ እረፍት የተረፈች ናት። ባለፈው የወሰድኩት ኮርስ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሃል ስለነበረው የአሜሪካ ኢኮኖሚና ማህበራዊ ኑሮ ነበር፣ የንባብ ዝርዝሩን ሲሰጡን ራሴን ያዝኩ። የ1929ኙ የስቶክ ገበያ መውደቅ አለ፣ የመጠጥ ክልከላው አለ፣ የሴቶች ድምፅ፣ የ1924ቱ የኢሚግሬሽን ኮታ (ለኢትዮጵያም 100 ሰው ተመድቦላት ነበር ባይ ዘ ዌይ)፣ ከዛ ፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ይመጣና ኤኤኤ፣ ሲሲሲ፣ ቲቪኤ፣ ደብሊውፒኤ እያለ በፊደል የሚጠራ መስሪያ ቤት ይዘንባል።

ሁሉንም እኩል ላንብብ ብል እንደማልዘልቀው ገባኝና አንድ እቃ መርጬ የሱን ዋጋ ከላይ እስከታች ልከተል አልኩ። ጥጥ መረጥኩ። ጥጥ ባለመሬቱንም ጭሰኛውንም ባንኩንም ፋብሪካውንም ዋሽንግተንንም ይነካል፣ ጥቁሩንም ድሃውን ነጭም ባንድ ማሳ ላይ ታገኛቸዋለህ። ከጥጥ ይልቅ የመኪናን ዋጋ መከተልም ይቻላል ግን የመኪና ፋብሪካዎቹ ከተማ ዲትሮይት ላይ ተቀምጣችሁ ስለ ፎርድ ብቻ ስታነቡ ትከርማላችሁ።

መጀመሪያ ኤክሴል ከፍቼ በየዓመቱ አንድ ፓውንድ ጥጥ ገበሬው በስንት ሳንቲም እንደሸጠው ሞላሁ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። የቆጠራ ቢሮው የድሮ ስታቲስቲክስ ጥራዝ ፒዲኤፉ በነፃ ይገኛል፣ ሴንት ሉዊስ ያለው ፌደራል ሪዘርቭም ፍሬዘር ሚባል የኦንላይን ቤተመፃህፍት አለው የዘመኑ ሪፖርት የታጨቀበት። ቁጥሮቹን ደርድሬ ሳያቸው 1919 ላይ 35 ሳንቲም ገደማ፣ 1920 መጨረሻ ላይ ወደ 14 ወርዷል፣ 1929 ላይ 17 ገደማ፣ 1931 ላይ ከ6 በታች። በቃ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ፣ ሰው ሁሉ ችግሩ በጥቅምት 1929 ዎል ስትሪት ላይ እንደጀመረ ነው ሚያወራው፣ ለገበሬው ግን ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ ነው የጀመረው። ከተማው በጃዝና በሬዲዮ በዱቤ በተገዛ መኪና ሲጨፍር ገጠሩ አንገቱ ድረስ እዳ ውስጥ ነበር፣ 1930 ላይ ደግሞ ከአራት አሜሪካዊ አንዱ ገደማ እርሻ ላይ ነው የሚኖረው፣ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

የእዳውን ነገር ራሳችሁ ካላሰላችሁት አይገባም። አንድ ገበሬ ዋጋው ጥሩ በነበረበት በ1919 500 ዶላር ተበደረ እንበል። ያን ለመክፈል 1,430 ፓውንድ ገደማ ጥጥ ይበቃዋል፣ አንዱ እስር 500 ፓውንድ ገደማ ስለሆነ ሦስት እስር ማለት ነው። ጥጡ 6 ሳንቲም ሲገባ ያው 500 ዶላር 8,300 ፓውንድ ምናምን ይፈልጋል፣ ወደ 17 እስር። ወለዱን ተዉት፣ እዳው በወረቀት ላይ ሳንቲም አልጨመረም እኮ፣ ግን ሰውየው ከአምስት እጥፍ በላይ ማረስ አለበት። እሱ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱም እንደዛው ብዙ ያመርትና ዋጋውን ጭራሽ ይጥሉታል። ያበደረው የሰፈር ባንክ ደግሞ ገንዘቡ ስለማይመለስ ይዘጋል፣ ከ1930 እስከ 1933 ወደ 9,000 ባንክ ነው የወደቀው፣ ተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና ያገኘው ገና ከዛ በኋላ ነው። ስለ ዋጋ መውረድ ቲዎሪ ስንት ገፅ ካነበብኩት ይልቅ ይቺ ስሌት አስተምራኛለች።

መሬት የሌለው እኩል አራሹ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፣ ዓመቱን ሙሉ የበቆሎ ዱቄቱንም ጨው ስጋውንም ከባለመሬቱ በዱቤ እየወሰደ ይከርምና መኸር ላይ ሂሳብ ሲተሳሰቡ ደብተሩን የያዘው ባለመሬቱ ነው። ድሮ እኛ አገር የነበረውን ጭሰኝነት የሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ከዛ 1933 መጣ። ኤኤኤ የተባለው የእርሻ መስሪያ ቤት ዋጋ እንዲጨምር ምርት ይቀነስ አለ፣ ግን ጥጡ ተዘርቶ በቅሏል፣ ስለዚህ ወደ 10 ሚሊዮን ኤከር የበቀለ ጥጥ እንዲገለበጥ ተከፈለ። (በቅሎዎቹ ቡቃያ እንዳይረግጡ የለመዱ ስለነበሩ እምቢ አሉ ተብሎ ይወራል።) ዋጋው እውነትም ተነሳ። ቼኩ ግን የሚላከው ለባለመሬቱ ነው፣ ለአራሹ አካፍል ተብሏል፣ ብዙው አላካፈለም፣ የሚታረሰው መሬት ሲቀንስ ደግሞ አራሹም አያስፈልግም ተብሎ ተባረረ። ሐምሌ 1934 አርካንሳው ውስጥ ታይሮንዛ አጠገብ 11 ነጭና 7 ጥቁር ሆነው የእኩል አራሾች ማህበር አቋቋሙ፣ በዛ ዘመን በዛ ቦታ ጥቁርና ነጭ ባንድ ማህበር መግባት ቀላል ድፍረት አይደለም፣ ድብደባውም ጥይቱም ብዙ ሳይቆይ ተከተላቸው። ስለዚህ ሩዝቬልት አዳናቸው ወይስ ጎዳቸው ብሎ መከራከሩን ትቼ ቼኩ በማን ስም ይፃፋል የሚለውን መጠየቅ ጀመርኩ፣ ከዛ በኋላ ያነበብኩት ህግ ሁሉ በዚች ጥያቄ ይከፈትልኛል። ሶሻል ሴኩሪቲ የተባለው የጡረታ ዋስትና ህግ ነሐሴ 1935 ሲፈረም የእርሻ ሰራተኛና የቤት ሰራተኛ አይካተትም ይላል፣ ደቡብ ላይ ይሄ ማን እንደሆነ ግልፅ ነው።

በዛው ወር መጨረሻ ነው የገለልተኝነቱ ህግ የተፈረመው፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ጣሊያን ሲወረን ለሁለቱም ወገን መሳሪያ አይሸጥም ተባለ፣ ነዳጁ ግን አልተከለከለም፣ ከሁለታችን ነዳጅ ማን እንደሚፈልግ መቼም አይጠፋችሁም። የጥቁር ጋዜጦቹን በተለይ ፒትስበርግ ኩሪየርን ሳገላብጥ የኛ ጦርነትና የእርዳታ ሰልፉ ዜና ባንድ ሰሞን ነው የሚነበበው፣ ጋዜጠኛውን ጄ. ኤ. ሮጀርስን ወደ ኢትዮጵያ የላኩትም እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ ከጥጡ ወጥቼ ብዙ ማታ አሳለፍኩ፣ አይቆጨኝም።

ስለ ምንጮች አንድ ነገር ልበል። የ1930 የህዝብ ቆጠራ ቅፅ ለህዝብ ክፍት ነው፣ ታይሮንዛ ያለችበትን የፖይንሴት ካውንቲ ገፆች ማየት ትችላላችሁ፣ ቤቱ የራስ ነው የኪራይ፣ ማንበብ ይችላል ወይ፣ ሬዲዮ አለው ወይ ይላል፣ የሬዲዮው አምድ ላይ ባዶ ቦታ ሲደጋገም ከየትኛውም ግራፍ በላይ ይናገራል። መንግስት ያስነሳቸውን የገጠር ፎቶዎች ደግሞ ውበታቸው አያደንዛችሁ፣ ፕሮግራሙን ለህዝብ ለማስወደድ የተነሱ ናቸው፣ ሃላፊው ያልወደደውን ኔጋቲቭ ይበሳው ነበር። ባርነትን ያዩ ሽማግሌዎች የሰጡት ከ2,300 በላይ ቃለመጠይቅም እንዲሁ፣ ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የደቡብ ነጭ ነው፣ ተጠያቂው በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን የተራበ አዛውንት ነው፣ ታዲያ እውነቱን ሁሉ ይነግረዋል? እኔ መልሱን ከማንበቤ በፊት ማን ጠየቀ የሚለውን አያለሁ።

አሁን ያለሁት 1936 ላይ ነው፣ የረስት ወንድማማቾች ጥጥ ለቃሚ ማሽናቸውን ሚሲሲፒ ላይ ለህዝብ ያሳዩበት ዓመት። ማሽኑ በብዛት ማሳ የገባው ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ስለሆነ ከኮርሱ ይወጣል፣ ቢሆንም ኤክሴሉ ላይ ከ1939 በታች አዲስ መስመር መሙላት ጀምሬያለሁ።