ስለ ሽምብራ ቆሎና ስለ ወፍጮ ቤት

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ከብዶኛል። ሕመም አልነበረም፤ ሴሊያክ፣ ማለትም በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም ስላለብኝ፣ እሱን ለይቼ አውቀዋለሁ። ምግብ በነካሁ ቁጥር የማሸጊያ ጽሑፍ ማንበብ ያመጣብኝ ድካም ይመስለኛል። ከሐበሻ ሱቅ ያነሣሁት የሽምብራ ቆሎ ጀርባው ላይ ሽምብራ፣ ዘይትና ጨው ከሚሉት ቃላት በቀር ምንም አልተጻፈበትም፤ ከጎኑ ተደርድሮ የነበረው ግን የዚያው አምራች የገብስ ቆሎ ነበር።

ሽምብራ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከገብሱ በኋላ በዚያው ምጣድ ተቆልቶ፣ በዚያው ወንፊት ተነፍቶ፣ በዚያው ማሽን ታሽጎ እንደሆነ የማውቅበት መንገድ አለመኖሩ ነው። እዚህ አሜሪካ በ2004 የወጣው የምግብ አለርጂ ሕግ አምራቹ ስንዴ ከጨመረ በግልጽ እንዲጽፍ ያስገድደዋል፤ ገብስን ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም። ምርቱ የተዘጋጀው ስንዴ በሚገባበት ፋብሪካ መሆኑን የሚናገረው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለአምራቹ በጎ ፈቃድ የተተወ ነው። ስለዚህ አስቦ የጨመረውን እንዲነግረኝ ሕጉ ቢያስገድደውም፣ ሳያስበው ስለገባው ብናኝ ዝም ቢል የሚጠይቀው የለም። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም እውነቱን የጻፈው ታማኝ አምራች እኔን ደንበኛውን ያጣል፣ ዝም ያለው ግን ገንዘቤን ይወስዳል።

«ከግሉተን ነፃ» ተብሎ የተጻፈበት ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም ያነሰ ግሉተን ሊኖረው ይገባል። ሴሊያክ ያለበት ሰው በየቀኑ 50 ሚሊ ግራም ለ3 ወር ቢወስድ አንጀቱ እንደሚጎዳ በ2007 የታተመ የጣሊያን ሐኪሞች ጥናት አሳይቷል፤ ይህም ግማሽ ግራም ገደማ በሚሆን፣ በጣት ጫፍ በሚቆነጠር የስንዴ ዱቄት ውስጥ የሚገኝ መጠን ነው። ጉዳቱ ምንም ስሜት ሳይሰጥ ሊደርስ ስለሚችልም የሆዴ ዝምታ ማረጋገጫ አይሆነኝም። ቡና ላይ ስንቀመጥ «ገብሱን ተይውና ለውዙን ልቀሚ» የሚሉኝ ሰዎች በፍቅር እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለውዙ ከገብሱ ጋር በአንድ ሰፌድ ላይ ሲታሽ የቆየ መሆኑን በየጊዜው ማስረዳት ከረሃቡ የበለጠ ያደክመኛል።

ይህን ሳስብ ነው እማዬ ወደ ሐሳቤ የገባችው። ሰው በመጣ ቁጥር የጤፍ ዱቄት፣ ሽሮና በፌስታል የታሰረ የሽምብራ ቆሎ ትልክልኛለች። ስለ ግሉተን በስልክ ላስረዳት ስሞክር ቃሉ ራሱ እየራቃት ዝም ትል ነበር፤ ዛሬ ግን የጾም ድስቷ ትዝ አለኝ። በልጅነታችን የጾም ድስትና የፍስክ ድስት ለየብቻ ነበሩ፤ ቅቤ የነካ ማንኪያ ታጥቦም እንኳ የጾም ወጥ ውስጥ አይገባም ነበር። አንዳችን ተሳስተን ከከተትነው ወጡ እንዳለ ለሌላ ይሰጥ ነበር እንጂ እሷ አትቀምሰውም። በዓይን የማይታይ ንክኪ ምግብን እንደሚለውጥ እናቴ የምታውቀው እኔ የአሜሪካን ሕግ ከማንበቤ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። «ገብስ ለእኔ እንደ ፍስክ ነው፣ ያውም ፋሲካ የሌለው» ብላት ምጣዱን በዚያው ቀን ትለይልኛለች። በዚህ ምንም ጥርጥር የለኝም።

የማልደርስበት ወፍጮ ቤቱ ነው። በሰፈራችን የበርበሬው ወፍጮ ለብቻው ቢሆንም ጤፉም፣ ስንዴውም፣ የበሶው ገብስም ተራ ጠብቀው በአንዱ ይፈጫሉ። እማዬ ጤፉን አበጥራና ነፍታ፣ ከፈጪው ፊት ቆማ እንደምታስፈጭ ሁልጊዜ ትነግረኛለች፤ ከእሷ በፊት የማን እህል እንደገባ ግን ጠይቃ አታውቅም፤ የምትጠይቅበት ምክንያትም አልነበራትም። ከነገርኳት በዚያ ጉልበቷ ገና ሳይነጋ ተነሥታ የመጀመሪያውን ተራ ትይዛለች፣ ወይም ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ቤት ፍለጋ ከተማውን ታቋርጣለች፤ እስከ ዛሬ የላከችልኝ ሁሉ ጎድቶኝ እንደሆነ እያሰበችም እንቅልፍ ታጣለች። ካልነገርኳት ደግሞ ከማንም አስበልጬ የማምነውን ምግብ፣ የእሷን እጅ ሥራ፣ እየተጠራጠርኩ ልጎርሰው ነው።

የፋብሪካውን ሰው በደብዳቤ መጠየቅ እችላለሁ፤ ቢቆጣም ባይመልስም ግድ አይሰጠኝም። እሑድ ስትደውልልኝና «ጤፉ አለቀ ወይ ልጄ?» ስትለኝ ግን ምን ልበላት?